የጾም ፉሊያ

ፉሊያ የምንለው ለውዝ በቀለጠ ስኳር ተያይዞ የሚሠራውን ከረሜላ ነው። ስሙም አሠራሩም ከሱዳን በኩል ተሻግሮ መተማ የገባ ነው። እኔን ያስተማረችኝ ጎረቤቴ ናት። እሷ ጓሮዋ ውስጥ ትሠራለች፣ ባሏ ሱቁ ውስጥ ይሸጣል። እሷ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን፤ የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው።

ጾም ላይ ኮስታራ ነኝ። ዘመዶቼ ከቄሱ በላይ ነሽ እያሉ ያሾፉብኛል፤ ደስ እንደሚለኝ አያውቁም።

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ጎረቤቴ አንድ ሳህን ፉሊያ ላከችልኝ። ሳህኑን ይዤ በረንዳዬ ላይ ቆምኩ። የተቆላው ለውዝ ሽታ ምራቄን አመጣው። ግን ከረሜላው እንዳይጣበቅባት ትሪዋን ቅቤ ስትቀባ ስንቴ አይቻታለሁ። ሄዶ መጠየቅ ምን ችግር ነበረው? አፍሬ ነው እላለሁ። እውነቱን ከተናገርኩ ግን፣ ስለ እኛ ጾም እሷ ምን ታውቃለች ብዬ ንቄያት ነው። ፉሊያውን በር ላይ ለሚጫወቱ የሰፈር ልጆች አከፋፈልኩት። ሳህኑን ባዶውን መመለስ ነውር ስለሆነ ስኳር ሞልቼ ላኩላት።

በሳምንቱ አሠራሩን ልማር ብዬ ሄድኩ፤ የራሴን ትሪ በነጠላዬ ሸፍኜ። ትሪውን አየችውና ከሰሉን ማያያዝ ጀመረች።

ለውዙን ቆላን፣ በእጃችን አሸነው፣ ገለባውን በሰፌድ አበጠርነው። የመጋቢት ፀሐይ ከላይ፣ የከሰሉ ግለት ከታች ያነደን ነበር። ስኳሩን ውሃ ሳትጨምር ድስት ላይ አደረገችው።

“እንዳትዘናጊ። የማር መልክ ሲይዝ ለውዙን ጨምሪ፤ ካለፈ ይመርራል” አለችኝ።

ተዘናግቼ አሳረርኩት። ሳቀችብኝና እንደገና ጀመርን።

ሁለተኛው ሲደርስ ትሪዬን አልፋ ከመደርደሪያው ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ትንሽ ትሪ አወጣች። የሰሊጥ ዘይት ቀባችው።

“ይቺ የጾም ናት። ጾማችሁ ሊገባ ሲል ገንዳ ውሃ ከተማ ሄጄ ላንቺ ብዬ ገዛኋት። ወላሂ፣ ቅቤ ነክቷት አያውቅም።”

ትኩሱን ገለበጠችበትና በጠርሙስ ትዳምጠው ጀመር። ቀና ሳትል ቀጠለች።

“ያን ቀን የላኩልሽንም በሷ ነበር የሠራሁት። ልጆቹ ሲበሉት አይቻለሁ።”

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ስንት ቀን ሙሉ እህል ውሃ ሳልል እየዋልኩ ይቺን ሴት በሆዴ ስቦጭቃት ከርሜያለሁ። ይቅርታ ልላት ፈለግኩ። እሷ ግን ፉሊያው ሳይደርቅ በቢላዋ መቁረጧን ቀጥላለች፤ ከደረቀ ይሰባበራል።

ከዳር አንድ ቁራሽ አነሳሁ። ስበላላት እንድታይልኝ ፈልጌ ነው። አፌ ሳይደርስ እጄን ያዘችኝ።

“ኧረ ተይ! ገና ሰባት ሰዓት ነው’ኮ። ዘጠኝ ሳይሞላ ጾምሽን ልትፈቺ ነው?”

ቁራሹን ከጣቶቼ ወስዳ በወረቀት ጠቀለለችና፣ እስከ ሰዓቱ እንዳቆየው መልሳ ሰጠችኝ።