ቅመስ፣ ትፋ፣ ፋቅ

«ለስላሳ መጠጥ በቀን ስንት ትጠጫለሽ?»

የሐኪሙ መስታወት ምላሷ ላይ እንዳለ የሜርል ክላይኒግ ደም ፈላ። ለስላሳ የሚባል ነገር ቤቷ ገብቶ አያውቅም። እሷ የወይን ቀማሽ ናት። ኤደን ቫሊ በሚባለው የወይን አገር ሪስሊንግ የሚሉት ነጭ ወይን ጠርሙስ ከመግባቱ በፊት በእሷ አፍ ያልፋል፤ እሷ «ደርሷል» ካላለች ከጋኑ አይቀዳም። እንዲህ ያለችውን ሴት እንደ ተማሪ ልጅ ስለ ለስላሳ ይጠይቃታል!

ወደ ጥርስ ሐኪሙ የመጣችው በድብቅ ነው። ቀዝቃዛ ወይን አፏ በገባ ቁጥር ከፊት ጥርሶቿ እስከ ዓይኗ ሥር የሚወጋ ሕመም ከጀመራት ከርሟል። ሐሙስ ደግሞ የዘንድሮው ወይን ከየጋኑ እየተቀመሰ የሚደባለቅበት ቀን ነው። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ፊቷ ከተጨማደደ፣ የወይን መጥመቂያው ባለቤት ኮሊን ወንበሯን ከከተማ ለሚመጣ ባለዲግሪ ለመስጠት አያመነታም። ያ ወንበር ከአባቷ ወደ እሷ ያለፈ ነው፤ ከእሷም ወደ ልጇ ወደ አኔሊ ሊያልፍ ታስቧል። ስለዚህ የምትፈልገው አንድ ነገር ቀባብቶ ሕመሙን ዝም እንዲያሰኝላት ብቻ ነበር። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ለሌላ ሰው ስትመክር ኖራለች።

«አልጠጣም» አለች መስታወቱ ሲወጣላት።

«እሺ። ቃር አለብሽ? ያስመልስሻል?»

«አንተ ልጅ፣ ምን አድርገህ ነው የቆጠርከኝ?»

ዶክተር ሩዋን ሳቅ አለ። «አትቆጪኝ ሜርል። አሲዱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ አለብኝ። ጥርስሽ እኮ አልተቦረቦረም፤ ስኳር የበላው አይደለም። ሟሙቶ ነው ያለቀው። ሥራሽ ምንድን ነው?»

ነገረችው። ሳቁ ጠፋ።

«ጠዋት ነው የምትቀምሱት?»

«ምላስ የሚሠራው ጠዋት ነው። በባዶ ሆድ።»

«ምራቅ በሌለበት ደረቅ አፍ፣ ያንን ኮምጣጣ እያጉመጠመጥሽ ማለት ነው። ሌላስ ኮምጣጤ ነክ ነገር ትበያለሽ?»

«ኪያር በኮምጣጤ። እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ።»

«ቀምሰሽ ስትጨርሺስ ምን ታደርጊያለሽ?»

ይሄን ጊዜ ሜርል ቀና አለች። የምትኮራበት ነገር ነውና። «እፍቃለሁ። ወዲያው፤ በጠንካራ ብሩሽ።»

የአባቷ ሕግ ነው። ቅመስ፣ ትፋ፣ ፋቅ። መጥመቂያው ውስጥ ከመትፊያው ገንዳ በላይ ምስማር ላይ የእያንዳንዱ ክላይኒግ ብሩሽ ተንጠልጥሏል። «ክላይኒግ ጥርሱ ላይ ወይን ይዞ ማዕድ አይቀርብም» ይሉ ነበር ሽማግሌው። ሌሎቹ ቀማሾች ይስቁባቸዋል፤ እሷም በሆዷ ቆሻሾች ትላቸዋለች።

ሩዋን ጓንቱን አወለቀ። «ይኸውልሽ፣ ወይኑ የጥርስሽን ሽፋን ያለሰልሰዋል። ምራቅሽ ቀስ ብሎ መልሶ ያጠነክረዋል፤ ግን አንድ ሰዓት ያህል ፋታ ይፈልጋል። አንቺ ለስልሶ እያለ ትሞርጂዋለሽ። ወይኑ ብቻውን እንዲህ አያደርስሽም ነበር። በውሃ ተጉመጥምጠሽ ብትተዪው ይሻል ነበር።»

«አባቴ ዕድሜ ልኩን ፍቋል!»

«የአባትሽ ጥርስ እንዴት ነበር?»

አባቷ ዳቦ ቡና ውስጥ ሳይነክሩ አይበሉም ነበር። ገና ሥራ ላይ እያሉ የፊት ጥርሶቻቸው ከድዳቸው ጋር እኩል ሆነው ነበር። ቤተሰቡ እርጅና ነው ብሎ አልፎታል።

«የሞተ ሰው አትዝለፍብኝ!» ብላ ከወንበሩ ወረደች። በሩን ስትዘጋው ግድግዳው ተንቀጠቀጠ።

መንገዱን ሁሉ ስትሳደብ ነዳች። ሩዋንን ሰደበች፤ ያስተማሩትን ሰደበች፤ ፊቷ ቀስ ብሎ የሚሄደውን ትራክተር ሰደበች። ትናንት የተወለደ ልጅ ጥርስ መፋቅ ኃጢአት ነው ብሎ ሊሰብካት! ጥርሷን ነክሳ ልትችለው ሞከረች፤ ሲነካካ እሱም አመማት፤ ይበልጥ ተናደደች።

መጥመቂያው ስትደርስ የአኔሊ ብርጭቆዎች ጠረጴዛው ላይ ባዷቸውን ተደርድረዋል። ልጅቷ ቅምሻዋን ጨርሳ ገንዳው ላይ አጎንብሳለች። ድምፁን ሜርል ከበሩ ሰማችው። ፈጣን፣ ጠንካራ፣ ድስት እንደሚፈትግ ሰው። እንዲህ አድርጊ ብላ ያስተማረቻት ራሷ ናት። ብሩሹንም ምስማሩንም ሥራ በጀመረችበት ቀን የሰጠቻት እሷው ናት።

«ተይው!»

«ምን?»

«ተይው አልኩሽ፣ አምጪ!» ብሩሹን ከእጇ ነጥቃ ከገንዳው ሥር ያለው ባልዲ ውስጥ ወረወረችው።

«እማ፣ አብደሻል እንዴ? ቅመስ፣ ትፋ፣ ፋቅ የምትይው አንቺ አይደለሽ?»

«አፍሽን ክፈቺ።»

አኔሊ እየሳቀች ከፈተች። ሜርል አገጯን ይዛ ወደ መስኮቱ አዞረቻት። የፊት ጥርሶቿ ጫፍ ስስ ሆኗል፤ ብርሃን ያሳልፋል። ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት።

«ቀዝቃዛ ያምሻል?»

የአኔሊ ሳቅ ቆመ። ዓይኗን ሰበረች። «ትንሽ። ለኮሊን እንዳትነግሪው። ወንበሩን...»

ሜርል ከምስማሮቹ ላይ የራሷን ብሩሽ፣ ከዚያ ማንም ሳያነሳው የኖረውን የአባቷን ብሩሽ ነቅላ ባልዲው ውስጥ ጨመረች።

«እማ፣ ማን ላይ ነው እንዲህ የምትናደጂው?»

ሜርል የምትሰድበው ሰው ፈለገች። አባቷ ሞተዋል። ሐኪሙ ልክ ነበር።

«በውሃ ብቻ ተጉመጥመጪ» አለች። «ከዚያ መኪና ውስጥ ግቢ። በሩን የዘጋሁበት ሰው ጋ እንሄዳለን። መጀመሪያ ግን ሕመማችንን ለኮሊን ነግሬው ልምጣ።»