የጋሽ ከድር ሐምሌ

ሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት በገባሁ የመጀመሪያ ቀን፣ ለኮምፒዩተር የሚሰጥ ቁጥር በቀዳዳ የሚጻፍበት የካርድ መብሻ ማሽን ፊት አስቀመጡኝ። ከጀርባዬ ኮምፒዩተሩ ክፍሉን ሞልቶት ያጓራል። እንዳላበላሽ ፈርቼ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ዋልኩ።

በሦስተኛው ዓመት ግን ፕሮግራም ጻፊ ሆንኩ። ከውጭ በቴፕ የመጣ የአየር ንብረት ሞዴል ለየቀኑ የገመተውን ዝናብ፣ ታዛቢዎች በመለኪያ ከያዙት ጋር አስተያይቶ ልዩነቱን የሚያትም ፕሮግራም ሠራሁ። ኮራሁበት፤ ከሚገባው በላይ።

ከታዛቢዎቹ አንዱ ጋሽ ከድር ነበሩ። በየማለዳው ከላምበረት ተነስተው፣ በየካ በኩል ያለውን የእንጦጦን ዳገት ወጥተው የዝናብ መለኪያውን ያነባሉ። በወር በወሩ ዝናቡን የመዘገቡበትን ቅጽ ራሳቸው ያመጡልኛል። “እንቺ ልጄ፣ ሰማዩ የሰጠው ይኸው ነው። እኔ ጠብታ አልጨመርኩም” ይሉኛል።

አንድ ክረምት የታተመው ቅጽ አለቀ፤ ወረቀት እንደ ስኳር የጠፋበት ጊዜ ነበር። ጋሽ ከድር በደብተር ቅጠል ላይ “ሐምሌ” ብለው ጽፈው አመጡ። ካርዱን ራሴ በሳሁ። ፕሮግራሙም የእሳቸው ዝናብ ከሞዴሉም ከጎረቤት ጣቢያዎችም ጋር እንደማይገጥም አተመ።

የክፍል ኃላፊያችን ወረቀቱን አየና ሰውየው ቤቱ ተቀምጦ ነው የሚሞላው አለ። አሻጥር የሚባል ቃል ሰው በሚያስበላበት ዘመን ያንኑ ቃል ሪፖርቱ ላይ ጻፈ። እኔም ፕሮግራሜ አይሳሳትም ብዬ ፈረምኩ። ጋሽ ከድር ተባረሩ።

በዓመቱ አሮጌ ካርዶች ሳገላብጥ ያንን የደብተር ቅጠል አገኘሁት። የታተመው ቅጽ በፈረንጅ ቀን ነበር የሚሞላው፤ እሳቸው የጻፉት ግን በእኛው ሐምሌ ነው። እኔ የፈረንጅ ሰባተኛ ወር፣ ጁላይ፣ አድርጌ በስቼዋለሁ፤ የእኛው ሐምሌ ደግሞ ከጁላይ ሰባት ቀን ዘግይቶ ነው የሚገባው። ሰባት ቀን ወደፊት ገፍቼ ፕሮግራሙን ደግሜ አስኬድኩት። ከጎረቤት ጣቢያዎች ጋር ቀን በቀን ገጠመ። አለቀስኩ።

ኃላፊውን ይታረም ብዬ ለመንኩት። ሪፖርቱ ለበላይ አካል ተልኳል፣ ፊርማሽም አለበት አለኝ። ፈርቼ ተውኩት።

ላምበረት ስሄድ ጋሽ ከድር ታመው ተኝተዋል። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ነገርኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

“ስሜስ? መዝገቡ ላይ ተስተካከለ?” አሉኝ።

“አዎ ጋሼ።”

“አልሐምዱሊላህ” አሉ።

በሳምንቱ ተቀበሩ። ጡረታ ስወጣ ሪፖርቱ ሳይታረም እንዳለ ፋይሉ ውስጥ ነበር።

ማወዳደሪያ ፕሮግራም የምትጽፉ ሁሉ፣ ቁጥር አልገጥም ሲላችሁ መጀመሪያ የራሳችሁን ሥራ ፈትሹ። ሰው የሚጠረጠረው ከዚያ በኋላ ነው።