የሶስና ሚዛን

ከዘመናት በፊት የነበረ፣ ዘመናትንም አሳልፎ የሚኖር እግዚአብሔር ስሙ የተመሰገነ ይሁን። የልብን ስውር የሚያውቅ እርሱ ብቻ መሆኑን በአፌ ሳስተምር ኖሬ፣ በሥራ ለማወቅ ግን ሰባ ዓመት ፈጅቶብኛል። ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ትንሽ ነገር ነው። ባለፈው ሳምንት ኮሎምበስ ላይ ብርዱ ጠንከር ማለት ሲጀምር፣ ከዐቢይ ጾም ወዲህ ያልለበስሁትን ጥቁር ካፖርቴን ከቁም ሣጥን አወጣሁ። እጄን ኪሱ ውስጥ ስከት ቀዝቃዛ ነገር ጣቴን ነካው። ወደ ብርሃን አውጥቼ ባየው የጣት አንጓ የምታህል የናስ ቀልሃ ናት፤ ጥይት ከውስጡ የወጣለት ባዶ ቀፎ። ካፖርቱን አልጋው ላይ አስቀምጬ ተቀመጥሁ።

ሽማግሌ ትዝታ ሲጽፍ ከልጅነቱ ይጀምራል። ይህ የሆነው ግን ዘንድሮ፣ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሃያ ሁለት፣ ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው። ሆኖም ጥፋቱ የልጅ ጥፋት ነበርና ከልጅነት ትዝታዎቼ ጋር ብቆጥረው አንባቢ ይቅር ይለኛል።

ቤታችን ከክሊቭላንድ አቬኑ ገባ ብሎ ነው። ሦስት ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ አልማዝና ልጃችን ሶስና። አልማዝ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞረች ትንከባከባለች። ሶስና እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች ናት፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ኒው አልባኒ በአንድ መጋዘን ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። ስሟን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። በሐሰት ተከስሳ ንጽሕናዋ የተገለጠላትን የጥንቷን ሶስና ታሪክ አውቄ ነበር የመረጥሁት፤ በዚያ የብርድ ወራት ግን ረሳሁት።

ነገሩ በድምፅ ጀመረ። የኮሮና ወረርሽኝ እንደገና አገርሽቶ ስለ ነበር ጥር ላይ ከቤት ብዙ አልወጣም ነበር። ከሰዓት በኋላ ተቀምጬ ሳነብ፣ ከወለሉ ሥር፣ ከቤዝመንቱ፣ የሚንሿሿ ድምፅ ይሰማኛል። ዕድሜዬን ሙሉ ጸናጽል ይዤ የቆምሁ መሪጌታ ነኝና ናስ ከናስ ሲጋጭ ለይቼ አውቃለሁ። ይህ ጸናጽል ግን ዜማ የለውም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ያለ ዕረፍት ይንሿሻል፤ ከዚያ በድንገት ጸጥ ይላል።

ቀጥሎ ጥቅሎች መምጣት ጀመሩ። የጫማ ካርቶን የሚያህል፣ ነገር ግን ላነሣው የከበደኝ ጥቅል በር ላይ አገኘሁ። ሶስና ከኋላዬ ደርሳ ተቀበለችኝ።

«አባባ፣ እሱን እኔ ካሪ አደርገዋለሁ። ሄቪ ነው።»

«ምንድን ነው?»

«ናቲንግ። ለሆቢ ነው።»

ሆቢ ምን እንደሆነ አላጣሁትም። የጎረቤታችን ሆቢ አበባ መትከል ነው። አበባ ግን በቁልፍ አይዘጋበትም፤ ሶስና የቤዝመንቱን ክፍል ትቆልፍ ነበር። ጣቶቿ ጫፋቸው መጥቆር ጀመረ። ከሥራ እንደ ገባች፣ የመሥሪያ ቤት መታወቂያዋ ከአንገቷ ሳይወርድ፣ ቀጥታ ወደ ታች ነው። እኔም ቀጥታ መጠየቅ ሲገባኝ፣ አባት ልጁን እንደ መርማሪ አያፋጥጥም በሚል ኩራት ዙሪያውን ዞርሁ። አንድ ቀን ማዕድ ላይ፣ «ሰው ሥራውን በብርሃን ቢሠራ መልካም ነው» አልሁ። በማግስቱ ለንባቤ የሚሆን አዲስ መብራት ገዝታልኝ መጣች። አመሰገንሁ፤ ጥርጣሬዬም ባሰ። ጥፋት ያለበት ሰው ስጦታ ያበዛል ብዬ ነበርና።

ወዳጄ ደምሴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ፖላሪስ በሚባለው የገበያ ማዕከል ጥበቃ ነበር። ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ካለችው ትንሽ ምግብ ቤት ገብተን በያይነት አዘዝን። የሱፍ ፍትፍቱ ጥሩ ነበር፤ እኔ ግን ጣዕሙ አልመጣልኝም፤ ጭንቀቴንም ነገርሁት። ደምሴ እጁን ከማዕዱ ሰብስቦ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሚዛን አለ ወይ?»

«ምን ሚዛን?»

«ትንሽዬ። የወርቅ ሠሪ ዓይነት። ብዙ አይቻለሁ፣ መሪጌታ። ጥቅል ካለ፣ ቁልፍ ካለ፣ ሚዛንም ካለ፣ በቃ፣ ዕፅ ነው፤ ሌላ አትፈልግ።»

«ደምሴ፣ ልጄ እኮ ናት።»

«የታሰረው ሁሉ የአንድ ሰው ልጅ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

«አንተ ሚስትህንም ትጠረጥራለህ።»

«እሷም እኔን ትጠረጥራለች። ሠላሳ ዓመት በሰላም የኖርነው ለምን መሰለህ?» ብሎ ሳቀና ጎመኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚዛን በሕልሜ መጣ። ለአልማዝ እንኳ አልነገርኋትም፤ እናት ናት፣ ትደነግጣለች ብዬ።

በሚያዝያ መጀመሪያ፣ ሐሙስ ቀን፣ ሶስና ከቤት ሆና ስትሠራ ከቢሮ ተደውሎላት እየሮጠች ወጣች። የቤዝመንቱ በር ገርበብ ብሎ ቀረ። ደረጃውን እየቆጠርሁ ወረድሁ። ጠረጴዛው ላይ መጀመሪያ ያየሁት ሚዛኗን ነው። መዳፍ የምታህል፣ ቁጥር የሚበራባት ሚዛን፤ በሳሕኗ ላይ እንደ ጤፍ የደቀቀ ግራጫ ነገር። ከጎኗ ቀዳዳ በተበጀለት እንጨት ላይ የናስ ጽዋዎች በረድፍ ቆመዋል፤ ጎንበስ ብዬ ባይ በየሆዳቸው ያው ግራጫ ነገር አለ። አንድ ደብተር ተዘርግቷል፤ በጠባብ ሰንጠረዥ ቁጥር በቁጥር ላይ፣ በኅዳጉ ክብና መስቀለኛ ምልክት። መሣሪያ በእጄ ይዤ አላውቅም፤ ጥይትን የማውቀው ተሠርቶ አልቆ በሰው ወገብ ላይ ሳየው ነው። በዚያች ሰዓት የታየኝ ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ወይ ደምሴ ያለው ነው፣ ወይ በአገር ቤት አንዳንድ የተማረ ሰው በስውር የሚሠራው ክፉ የመተት ጥበብ ነው። የትኛው እንደሚብስ መለየት አቃተኝ።

ምንም አልነካሁም። ወደ ላይ ወጥቼ፣ ዘመዶቻችን ከገዳም ያመጡልንን ጸበል ከነጠርሙሱ ይዤ ተመለስሁ። እየጸለይሁ በአራቱም ማዕዘን ረጨሁ፤ ከዚያ በጠረጴዛው ላይ፣ ደጋግሜ፣ ሳልቆጥብ። ስወጣ ልቤ ቀሎኝ ነበር።

ማታ እራት ላይ ሶስና፣ «ማሚ፣ ቤዝመንቱ ሊክ ያደርጋል መሰለኝ። ጠረጴዛዬ ዌት ነበር፣ ጠረግኩት» አለች።

«ቧንቧ ነዋ» አለች አልማዝ። «ሰው እንጥራ።»

ሁለቱም ወደ እኔ አዩ። ሽሮዬን አላመጥሁና፣ «ቧንቧ ይሆናል» አልሁ። በጾም፣ በማዕድ ላይ፣ ሐሰት ተናገርሁ።

ቅዳሜ ጠዋት አልማዝ ይህን ካፖርት ይዛ መጣች። «መሪጌታ፣ ልበስ። ዛሬ ከልጅህ ጋር ትሄዳለህ።»

«ወዴት?»

«ሦስት ወር ሙሉ እንደ ድመት ስትዞረው የከረምኸውን ነገር በዓይንህ ታየዋለህ። እኔን ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር።»

ከከተማው ወጥተን በባዶ የበቆሎ ማሳ መካከል ስንሄድ ሶስና ነገረችኝ። ሽጉጥ ትተኩሳለች፤ ለውድድር፤ በወረቀት ዒላማና በብረት ሰሌዳ ላይ። «አንተ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነህ፤ ጋን፣ መሣሪያ የሚል ስትሰማ ታዝናለህ ብዬ ነው ሃይድ ያደረኩት» አለች። ጥይት ከየሱቁ ጠፍቷልና ራሷ ትሠራለች። የተተኮሰ ቀልሃ ትለቅማለች፣ በሚንቀጠቀጥ ገንዳ ታጥበዋለች፤ ያ ጸናጽል እርሱ ነበር። ከዚያ ባሩዱን ትመዝናለች። ባሩዱ ያነሰ ከሲታ ጥይት በውድድሩ ሕግ አይቆጠርም፤ ጉልበቱ የበዛ ደግሞ እጅን ያዘልላል፣ ሁለተኛውንም ተኩስ ያዘገያል። ስለዚህ አሥር አሥር እየሠራች፣ አንድ ነገር ብቻ እየለወጠች፣ ፍጥነቱን በመሣሪያ እየለካች ትጽፋለች።

«ሦስት ወር ፈጀብኝ፣ አባባ። ፋይናሊ አገኘሁት። የዛሬዎቹን ሐሙስ ነው የጨረስኩት።»

ሐሙስ ጸበሉን የረጨሁበት ቀን ነው። «ባሩድ ውሃ ቢነካው?» አልኋት።

«ኖ፣ ሁሌ ድራይ ነው የሚቀመጠው።»

«ቢነካውስ?»

«ኃይል ያጣል። ጥይቱ አይወጣም፣ በርሜሉ ውስጥ ይቀራል። ፋስት እየተኮስክ ካላወቅክ ደግሞ ሌላ ትደግምበታለህ፤ ያኔ ሽጉጡ እጅህ ላይ ይፈነዳል።» ይህን የተናገረችው በዚያው እጇ መሪውን እንደ ያዘች ነው።

እዚያው መንገድ ላይ፣ ሃምሳ ዓመት ያላሰብሁት ነገር ታወሰኝ። ጎጃም ውስጥ ተማሪ ሳለሁ የጽሕፈት ቀለም መበጥበጥ ጀምሬ ነበር። ጥላሸት፣ ያረረ ገብስ፣ የግራር ሙጫ፤ መምህሬ «አንዱን ብቻ እየለወጥህ ሞክር» ብለውኝ፣ ሦስት ወር በጎጆዬ ጥግ በገል ሸፍኜ አቆየሁት። ያስጠጋኝ የጎጆው ባለቤት ግን ክፉ መድኃኒት ይቀምማል ብሎ ጠርጥሮኝ፣ እኔ በሌለሁበት ከነማሰሮው ወንዝ ውስጥ ደፋው። ለቀለሙ አላለቀስሁም። ያስለቀሰኝ፣ ሰውየው አንድ ቀን እንኳ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ አለመጠየቁ ነበር።

የተኩስ ሜዳው ደረስን። ሶስና የጆሮ መሸፈኛ አደረገችልኝና ሥርዓቱን አስረዳችኝ። «አደገኛ ነገር ያየ ማንም ሰው ስቶፕ ማለት ይችላል። ማንም አይቆጣም።» እኔም በልቤ ተከራከርሁ። ጥቂት ጠብታ ነው፤ ደግሞስ ጸበል ማንን ጎድቶ ያውቃል? ደግሞም ይህ ሁሉ ሰው በተሰበሰበበት አንድ መሪጌታ ምን ብሎ ይናገራል? በዚህ ሐሳብ ስብሰለሰል ስሟ ተጠራ። መነጽሯን አድርጋ ወደ መስመሩ ወጣች። ሰዓት የያዘው ሰውዬ ከኋላዋ ቆመ። ሽጉጧን ሞላች። ቀኝ እጇን አየሁ፤ ጫፋቸው የጠቆረ ጣቶቿን።

ዓርባ ዓመት ያለ ድምፅ ማጉያ የዘመርሁ ሰው ነኝ። «ስቶፕ» ስል የጎረቤት ማሳ ድረስ የተሰማ ይመስለኛል። በመስመሩ ያሉት ሁሉ መሣሪያቸውን ዝቅ አደረጉ። ሶስና አራግፋ፣ ባዶ መሆኑን አሳይታ መጣች።

«አባባ፣ ምን ሆንክ?»

«ጠረጴዛሽን ያራሰው ቧንቧ አይደለም። እኔ ነኝ። ጸበል ረጭቼበታለሁ።»

ጥይቶቿን ሰበሰበች። ከዚያ ለሰዓት ያዡ በእንግሊዝኛ ነገረችው። ሰውዬው ቆቡን አውልቆ ራሱን አከከ፤ ወደ እኔም መጥቶ እጄን ጨበጠ።

«ምን አልሽው?» አልኋት።

«አባቴ ብሌስ አደረገው አልኩት።» ባረከው ማለቷ ነው።

ሌሎች ጥይት ሊያበድሯት ጠየቋት፤ በሽጉጧ ያልተፈተነ ነው ብላ አልተቀበለችም። አግዳሚ ላይ ተቀምጣ የሌሎችን ውድድር እስከ መጨረሻው ተመለከተች፤ ለያንዳንዱም አጨበጨበች። ስንመለስ ግማሹን መንገድ አለፍን። ከዚያ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሣ፣ «አባባ፣ ለምን ጀስት አልጠየቅከኝም?» አለችኝ።

በዚያው ከሰዓት ጥይቶቹን አንድ በአንድ ፈታናቸው። እርሷ ትነቅላለች፤ እኔ ነጭ ወረቀት ላይ አራግፋለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሰባት እንደ ደረቅ አሸዋ ፈሰሱ። ከስምንተኛው ምንም አልወረደም። ጠረጴዛውን መታ መታ ሳደርገው፣ ባሩዱ እንደ ረጠበ ቆሎ ዱቄት ተጣብቆ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ሌሎች አራት አገኘን። የስምንተኛውን ቀልሃ ጠርጋ መዳፌ ላይ አኖረችልኝ፤ በዚህ ኪስ የከተትሁት እርሱን ነው።

ከዚያ ደብተሯን ስባ ሐሙስ የሠራቻቸውን የመዘገበችበትን መስመር አወጣች። በኅዳጉ ላይ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ በሚንገዳገድ ፊደል፣ «ጸበል» ብላ ጻፈች።

«ይህን ለምን ትጽፊዋለሽ?»

«የተለወጠ ነገር ሁሉ ይጻፋል፣ አባባ። ሩሉ ነው።»

ነሐሴ ላይ ተወዳድራ ሰባተኛ ወጣች። ቀልሃውን ባገኘሁበት ዕለት ደግሞ ደምሴ ደውሎ፣ ታናሽ ልጁ በር ዘግቶ ምን እንደሚሠራ አይታወቅም አለኝ። «ሚዛን አላየሁም፤ ግን አይታመንም» አለ። «አንኳኳና ጠይቀው» አልሁት። «ብጠይቀውና ቢነግረኝስ?» አለ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ እኔም ስዞር የከረምሁት መልሱን ፈርቼ ነበር።

ስልኩን ስዘጋ ከወለሉ ሥር ጸናጽሉ ይንሿሿ ነበር። ወርጄ በሩን አንኳኳሁ። «ግባ፣ አባባ» አለች። አዲሱን የንባብ መብራቴን ወደ ጠረጴዛዋ አወረድሁላት፤ የሚዛኗን ቁጥር ጮክ ብዬ አነብላታለሁ፣ እርሷም ትጽፋለች።

አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ የተዘጋ በር ቢኖር፣ ከመጠርጠርህ በፊት የምታንኳኳበትን ትሕትና ጌታ ይስጥህ። የልጆችህን እጆች ከክፉ ይጠብቅልህ፤ በማዕድህ ዙሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ ቅን፣ የሚመለሰውም እውነት ይሁን። ሰላሙ ከቤትህ ደፍ እስከ ምድር ቤትህ ይሙላ። አሜን።