የሞጣው ዘበኛ ሱሪ

ልብስ ስፌት ማስተማር ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። የሰለቸኝ መስፋቱ አይደለም፤ ቅጹ ነው። ቢቸና ያለችው የሥልጠና ክፍላችን ስድስት የእግር ስፌት መኪና፣ አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛና አንድ ቁም ሳጥን ሙሉ ቅጽ አላት። በየዙሩ «ሥራ ለማግኘት ለሚቸገሩ ወገኖች» የሚል ጽሑፍ ያለበት ጨርቅ በሩ ላይ ይሰቀላል። ዙሩ ሲያልቅ ይወርድና መኪኖቹን ከአቧራ መሸፈኛ ይሆናል። ከዓረብ አገር ባዶ እጃቸውን የተመለሱ፣ አካል ጉዳት ያለባቸው፣ ትምህርት ከአራተኛ ክፍል ያቋረጡ ይመጣሉ። እኔም ወገቤን እያመመኝ አስተምራለሁ። ቤቴ ስገባ ከሰው ጋር ማውራት ያስጠላኛል።

ባለፈው ዙር ከመጡት አንዷ የደብረ ወርቅ አካባቢ ተወላጅ ናት፤ ሠላሳዎቹን አጋምሳለች። ግራ እግሯ ከልጅነቷ ጀምሮ አይታዘዛትም፤ መኪናውን በቀኝ እግሯ ብቻ ትረግጠዋለች። የመጀመሪያ ቀን ሳያት «ይቺስ ወርም አትቆይ» ብዬ ነበር በልቤ። ወር ሳይሞላት ክፍሉ ውስጥ ከእሷ የቀና ስፌት የሚያወጣ ጠፋ።

የምትኖረው እዚያው ቢቸና፣ ወንድሟ ቤት ነው። አንድ ቀን ክር እያጠነጠነች «መምህር፣ የወንድሜ ሚስት ክፉ አይደለችም» አለችኝ። «ግን ምሳ ሲቀርብ ሁልጊዜ ‹ነይ ብይ እንጂ› ትለኛለች። ልጆቿን እንደዚያ አትላቸውም።»

ሥልጠናውን ጨርሶ ምዘናውን ያለፈ ሰው፣ ከገበያው አጠገብ በተሠራው ሼድ ውስጥ ቦታና መኪና ይሰጠዋል። የወደቀ አይሰጠውም። እሷ የምትፈልገው ያንን ነበር፤ ሌላ ነገር ስትመኝ ሰምቻት አላውቅም።

አንድ ነገር ብቻ ነበረባት። ወንድ አትለካም። ሴቶቹ እርስ በርስ ሲለካኩ ሜትሩን እንደማንኛቸውም ትይዘዋለች። ወንድ ደንበኛ፣ በተለይ ዕድሜው የገፋ ሲመጣ ግን ሜትሩን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ራቅ ብላ ታየዋለች፤ አንድ ጊዜ ዙሪያውን ትዞርና ጠመኔዋን አንስታ ጨርቁ ላይ ታሰምራለች። ሰውየው ሲለብሰው የሚጠብም የሚሰፋም ነገር የለም።

«ለምን አትለኪም?» ብያት ነበር።

«ኧረ መምህር! አባቴ የሚሆን ሰው ወገብ ላይ ሜትር ልጠመጥም? በማርያም!» ብላ ሳቀች።

እኔም ሳቅሁ። እኛ አገር ለትልቅ ሰው ጎንበስ ብለው ጉልበት ይስማሉ እንጂ ወገቡን አያቅፉም፤ ለዚያውም ሴት ልጅ። ነገሩ አላስቆጣኝም፤ እንዲያውም አስተዳደጓ ደስ ብሎኝ ለሌሎቹ «ዓይን ማለት ይኼ ነው፣ ተመልከቱ» እያልኩ አሳየኋት። ቁጥር መጻፍ የግድ ሲሆን ደግሞ ራሴ ለክቼ እነግራታለሁ። እንዲያ ሲሆን ሥራው ይፈጥናል፣ እኔም በጊዜ ቤቴ እገባለሁ። በዙሩ መጨረሻ ቅጹ ላይ «የሰውነት ልኬት በትክክል ትወስዳለች» ከሚለው ትይዩ ራይት አደረግሁና ፈረምኩ። እንዲህ ያለውን ራይት በቀን ስንቱን አደርጋለሁ።

ምዘናው ሞጣ ነበር። መንገድ ተዘጋ ተብሎ ሁለት ጊዜ ተራዘመ። በሦስተኛው ቀጠሮ ሚኒባስ ተሳፍረን፣ ደብረ ወርቅንና ግንደወይንን አልፈን ገባን። መቀሷን በጨርቅ ጠቅልላ ጉልበቷ ላይ ይዛ ነበር። ሌሎቹ መኪናው እያስመለሳቸው ሲጨነቁ እሷ ስለ ጨርቅ ትጠይቀኛለች፤ ምን ዓይነት ይሰጡን ይሆን፣ የሚያዳልጥ ቢሆንስ፣ መቀስ የማይዘው ቢሆንስ ትላለች። «አርፈሽ ተቀመጪ» አልኳት።

የተሰጣቸው ሥራ የወንድ ሱሪ ነበር። የሚለካ ሰው ስላልተገኘ የግቢውን ዘበኛ ጠሩ። ሰባ የሚጠጋቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ጋቢያቸውን አጣጥፈው ወንበር ላይ አስቀመጡና መሐል ወለሉ ላይ ቆሙ። አሠልጣኝ መግባት ስለማይፈቀድለት በመስኮት ነበር የማየው።

ቀረበችና ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። ሜትሩ አንገቷ ላይ ነው። «ለኪ» አልኩ በሆዴ። እያነከሰች አንድ ጊዜ ዞረቻቸው፤ ራሷን ነቀነቀችና ወደ ጠረጴዛው ሄደች። መዛኙ ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ሲጽፍ አየሁ። መስኮቱን ላንኳኳ እጄን አነሳሁና መለስኩት። ደንብ አክብሬ እንዳይመስላችሁ፤ አፍሬ ነው። ምን እንዳደረግኋት የገባኝ ያን ጊዜ ነበር።

ሱሪው ሲያልቅ ሽማግሌው ከመጋረጃው ጀርባ ለብሰውት ወጡ። እንዲህ ያለ ሱሪ ለኔም ተሰፍቶልኝ አያውቅም። ወገባቸውን እየዳበሱ ፈገግ አሉ። ከሰዓት በኋላ ውጤት ሲለጠፍ ከስሟ ትይዩ «ገና ብቁ አይደለችም» ይላል።

መዛኙ ክፉ ሰው አይደለም፤ ከባሕር ዳር የመጣ ጨዋ ወጣት ነው። ገብቼ «ሱሪውን አይተኸዋል?» አልኩት።

«አይቼዋለሁ መምህር። እኔም እንደዚያ አልሰፋም። ግን የመጀመሪያው ነጥብ ልኬት መውሰድ ነው፤ እሱን የዘለለ ሰው የቀረው አይያዝለትም።» ከዚያ የኔን ቅጽ አወጣ። «እርስዎም እኮ ትችላለች ብለው ፈርመዋል።»

ፊርማዬ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቅጹን መልሼለት ወጣሁ።

ስንመለስ አላለቀሰችም። «ሱሪው ጠበባቸው እንዴ?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። አልጠበባቸውም አልኳት። ጥፋቱ የኔ መሆኑን ግን አልነገርኳትም። ደክሞኝ ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ፤ እውነቱ ፈርቼ ነው። በሳምንቱ ያለፉት ሼዱን ተከፋፈሉት፤ ቦታ አልተረፈም። ድጋሚ ምዘና ይኖራል ተብሏል፤ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። እሷም ወደ ክፍሉ መምጣት ተወች።

ከወራት በኋላ የሚቀጥለውን ዙር ይዤ ሞጣ ሄድኩ። በሩን የከፈቱልኝ እኚያው ዘበኛ ናቸው፤ የለበሱትም ያንኑ ሱሪ ነው።

«ያቺ እግሯን የሚያማት ልጅ ደህና ናት?» አሉኝ። «እጇ ይባረክ። ይኸው አውልቄው አላውቅም።»

«ወድቃለች አባባ። ስላልለካችዎት።»

«ስላልለካችኝ?» ቆም ብለው አዩኝ። «እና ብትለካኝ ምን እላት ኖሯል? ሐኪም ይነካኝ የለም እንዴ? ተጠርቼ የቆምኩት ልለካ አይደለም? እጄን አነሳላት ነበር እኮ። ለኪው ብሎ የነገራት ሰው የለም?»

«የለም» አልኳቸው። ሊነግራት የሚገባው ሰው እኔ ነበርኩ።

ቢቸና በተመለስኩ ማግስት ወንድሟ ቤት ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ የአንዱን ልጅ የትምህርት ቤት ሹራብ በእጅ መርፌ ትጠግናለች። ሁሉንም ነገርኳት፤ ያደረግሁትን ራይት፣ መስኮቱ ላይ ያነሳሁትን እጅ፣ ሽማግሌው ያሉትን። አቀርቅራ ሰማችኝ። ስጨርስ ከኪሴ ሜትር አውጥቼ ሰጠኋትና ፊቷ ቆሜ እጆቼን ወደ ጎን አነሳሁ።

«ለኪኝ።»

«ኧረ መምህር፣ ይተዉ…»

«ለኪኝ፣ በሞቴ።»

የበሩን መቃን ይዛ ተነሳች። ፊቷን ወደ ጎን አዙራ ሜትሩን በወገቤ ዙሪያ አሳለፈችው። ሆዴን ሳብ አደረግሁ፤ ልማድ ነው።

«ዘጠና ስድስት» አለች፤ ድምፅዋ ብዙም አይሰማም። ከዚያ እጇ ላይ ያለውን ሜትር ትክ ብላ አየችው። «መለካት ማለት ይቺው ናት?»

«ይቺው ናት።»

«ታዲያ መምህር፣» አለችኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ «ያኔ እንዲህ ቢቆሙልኝ ምን ነበረበት?»

እጆቼን ማውረድ ረስቼ ቆሜያለሁ። ከውስጥ የሳህን ድምፅ ተሰማ፤ ምሳ ቀርቧል።

«ነይ ብይ እንጂ» አለቻት የወንድሟ ሚስት።