ሶርሳን ማን አሰረው

በሶዶና በቦዲቲ መካከል በሃምሳዎቹ መጀመሪያ የተከደነ ደህና ሳር ቤት ካለ፣ የሶርሳ እጅ ያረፈበት ነው ማለት ነው። ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሳሩን ሲደለድል ከታች ለሚያቀብሉት ሰዎች ቀልድ ይጥልላቸዋል፤ እነሱም በሳቅ ሳሩን ይበትኑታል። "ሥሩ እንጂ፣ ምን ያስገለፍጣችኋል!" ብሎ መልሶ የሚቆጣውም እሱው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ሽታዬን ሲያገባ ሰዉ "እሰይ! ይሄ ቤት ሳቅ አይጠፋበትም" ብሎ መረቀ።

ሳቁ የጠፋው በሦስተኛው ዓመት ነው። ወንድነቱ ከዳው። መጀመሪያ ድካም ነው አለ፤ ጣሪያ ላይ የዋለ ሰው ቢደክመው ምን ይገርማል? ክረምቱ አለፈ፣ በጋውም ገባ፤ ያው ነው። ሽታዬ ነገሩ ቢገባትም አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ቅቤውን አበዛችለት፣ ጥሬ ሥጋውን ጨው በበዛበት ዳጣ አቀረበችለት፤ ሰውነቱ ሲበረታ ይመለሳል ብላ ነው። እሱ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ፊቱ አበጥ ማለት ጀመረ። ሰው ምን ይላል? "ትዳር ተስማማው፣ ወፈረ!" ይላል። ወይ ነገር!

ሶርሳ "በመተት አስረውኛል" ብሎ ቆረጠ። የወንጌል አማኝ ነው፤ ጠንቋይ ቤት የሄደ አማኝ ከጌታ ማዕድ እንደሚታገድ አሳምሮ ያውቃል። ግን የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? አንድ ቀን በግ እየጎተተ ከአረካ ወዲያ ቦልቴ የሚባል ጠንቋይ ዘንድ ሄደ። ቦልቴ በጉን ተቀበለ፣ ቀቅሎ የሚጠጣው ሥር ሰጠውና "ያሰረችህ ሩቅ አይደለችም። ሌላ ሴት እንዳታይ ብላ ያሰረችህ የገዛ ሚስትህ ናት" አለው። ይህን አፉን ሞልቶ ሲናገር ሽታዬን በዓይኑ አይቷት አያውቅም እኮ! ሶርሳ ግን አመነው። ከዚያ ወዲያ ያቀረበችለትን ሲጎርስ ዓይን ዓይኗን ያይ ጀመር።

"ምነው፣ ፊቴ ላይ ምን አለ?" ትለዋለች።

"ምንም" ይላል።

ከነበጉ ያየው ሰው ነበርና ወሬው ከእሱ ቀድሞ ሶዶ ገባ። እሑድ ከጸሎት በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ አቶ ደገፉ ጉባኤው ፊት አስነሡት።

"ወንድማችን ሶርሳ፣ ቦልቴ ቤት ሄደሃል ይባላል። እውነት ነው?"

"እውነት ነው።"

"ምን ፈልገህ?"

እንዴት ይናገረው? ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላው፤ ሳር የሚያቀብሉት ሁሉ ሳይቀሩ ተቀምጠው ይጠብቁታል። ያኔ ከሴቶቹ ወገን ሽታዬ ተነሣች።

"እኔ ነኝ የላክሁት" አለች። "ልጅ ይኑረን ብዬ ነዘነዝኩት። እሱ አልሄድም ብሎኝ ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።"

አቶ ደገፉ ወደ ሶርሳ ዞረው "እንዲህ ነው?" አሉት። ዝም አለ። እሱ በምክር ታለፈ፤ ሽታዬ ከማዕዱ ታገደች። በእኅትነት ይጠሯት የነበሩት ሴቶች ገበያ መሐል ፊት ነሷት። እሷ ግን አንገቷን አልደፋችም። የባሌን ገመና ሸፍኛለሁ፣ እሱም ይህን ያውቅልኛል ብላ ነበር።

የቦልቴ ሥር ጭራሽ አባሰበት። እግሩ አብጦ መሰላል መውጣት አቃተው፣ የበላውም አልረጋ አለው። በመጨረሻ ወደ ክሊኒክ ሄደ። ቁስል የሚያጥበው፣ መርፌ የሚወጋው ድሬሰሩ ሐብተማርያም ሽንቱን በብልቃጥ አድርጎ እሳት ላይ ቢያሞቀው እንደ ተቀቀለ እንቁላል ነጭ ሆኖ ረጋ።

"ኩላሊትህ ነው" አለው። "ከጀመረህም ሰንብቷል።"

ሶርሳ አንገቱን ደፍቶ ያንን ሌላውን ነገር በግማሽ ቃል ነገረው። ድሬሰሩ አልሳቀም።

"እሱም ከዚሁ የመጣ ነው። ኩላሊት ሲደክም ደም ይበላሻል፣ ወንድነትም አብሮ ይደክማል። ማንም አላሰረህም፣ ወንድሜ።"

"መድኃኒት አለው?"

"ጨው ተው፣ ዳጣም ተው፣ ያንን ሥር ድፋው። እብጠቱ ትንሽ ይቀንስልሃል። ለኩላሊቱም ለዚያኛውም ግን የምሰጥህ የለኝም። ብዋሽህ ምን ይጠቅምሃል?"

የሞት ፍርድ ነበር የተነገረው። ሶርሳ ግን የሰማው "ማንም አላሰረህም" የሚለውን ነው። መንገዱን ሙሉ ያለቀሰውም ለራሱ አልነበረም።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ማንም ሳይጠራው ጉባኤው ፊት ተነሣ።

"ሽታዬ አልላከችኝም" አለ። "ወንድነቴ ቢከዳኝ በራሴ ነው የሄድኩት። ድሬሰሩ ኩላሊት ነው አለኝ። የዋሸችው እኔን ልትሸፍን ነው።"

አንድም ሰው አልሳቀም። አቶ ደገፉ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ሽታዬን ወደ ማዕዱ መለሷት።

ቤት ሲገቡ ሽታዬ ትስቅም ታለቅስም ነበር። "ምነው ነገርካቸው! እኔ እኮ ችዬው ነበር" አለችው። ቀጥላም እንደ ዋዛ "ለመሆኑ ያ ቦልቴ ማን አሰረህ አለህ?" ስትል ጠየቀችው።

ውሸት ሰልችቶት ነበር። "አንቺ ነሽ አለኝ።"

"እኔ!" ብላ ሳቀች። ከዚያ ፊቱን አየችና ሳቋ ቀረ። "አመንከው እንዴ?"

ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ።

"ያን ለት ስነሣልህስ? አፍሮ ነው ዝም ያለው ብዬ ነበር እኮ። እውነትም ያሰረችኝ እሷ ናት ብለህ ነው ዝም ያልከው?"

"አዎ፣ ሽታዬ። ይቅር በይኝ።"

"ይቅር ብያለሁ" አለች፤ ወዲያው ነው ያለችው። ግን መደቡ ላይ ተቀመጠችና ሴቶቹ ፊት ሲነሷት ያላለቀሰችውን ሁሉ አለቀሰች።

ሶርሳ የዘመን መለወጫው ጊፋታ ሳይደርስ ሞተ። እስከዚያው ድረስ ጨው የሌለበት እያበሰለች በእጇ አጎረሰችው፤ አንድ ቀን ፊቷን አላጠቆረችበትም። ቀብሩ ላይ ከሁሉ አብልጣ ስታለቅስ ሰዉ "እንዴት ትወደው ኖሯል!" አለ። እውነት ነው፣ ትወደው ነበር። እሱ ጠንቋይ አምኖ እሷን አለማመኑ ነው ያቃጠላት።