አንድ ስም ለሁለት

ሰባተኛ ክፍል ሳለን፣ አሰላ ላይ፣ የትምህርት ቤታችንን የግድግዳ መጽሔት የምንሞላው እኔና የወንበር ጓደኛዬ ሙሉጌታ ብቻ ነበርን። ሌላ የሚጽፍ ስላልተገኘ አምስት የብዕር ስም አወጣን። አንዱ ግጥም ይገጥማል፣ አንዱ ስለ ኳስ ያወራል፣ አንዱ የቀሩትን ይተቻል። ተማሪውም አምስት ደራሲ ያለ መስሎት ጎራ ለይቶ ይከራከር ነበር።

ከሁሉ የሚወደደው ግን «ኮከብ ዘአርሲ» በሚል ስም በየሳምንቱ የምናወጣው፣ ወደ ማርስ ስለምትጓዝ መንኮራኩር የሚተርከው ልቦለድ ነበር። ማሽኖቹን የምፈጥረው እኔ ነኝ፤ ሰዎቹን የሚያናግረው ሙሉጌታ። እሱ ሲጽፍ አብራሪው ከመካኒኩ ጋር በሽሮ ይጣላል። ሙጫው ሳይደርቅ ልጆች ግድግዳው ሥር ተሰብስበው ይንከተከቱ ነበር።

አንድ ሰኞ፣ ሰንደቅ ዓላማ እንደተሰቀለ፣ ዳይሬክተሩ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ይዘው «ኮከብ ዘአርሲ ማነው? ይውጣና ይሸለም» አሉ።

ሙሉጌታ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። «ና እንጂ፣ እንውጣ!»

አባቴ ዘወትር «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይሉኝ ነበር። «ቆይ» አልኩትና ብቻዬን ወጣሁ። ዳይሬክተሩ «ብቻህን ነው የጻፍከው?» ሲሉኝም «አዎ» ብዬ ሽልማቱን ተቀበልኩ።

ሙሉጌታ አልከሰሰኝም። ሰልፉ ሲበተን «በል ጌታው፣ አብራሪውንም አንተው አናግረው» ብሎኝ ሄደ፤ ወንበርም ቀየረ። ሞከርኩ። ሰዎቼ ሁሉ እንደ ማስታወቂያ ይናገሩ ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት የሚያነብ ጠፋ፤ መንኮራኩሯም ማርስ ሳትደርስ ቀረች። እንግሊዝኛ ያስተማረኝ ያ መዝገበ ቃላት ነው። ማንም ሳይረዳኝ ራሴን አስተማርኩ እያልኩ ስኮራ ኖሬያለሁ።

ባለፈው ሳምንት፣ እዚህ ባሕር ማዶ በምንኖርበት ሰፈር፣ ክሬሰንት ታውን፣ ልጄ ከጎረቤታችን ልጅ ጋር የጠፈር ታሪክ ስትጽፍ አገኘኋት። ከላዩ የማላውቀው አንድ ስም ሰፍሯል።

«የራስሽን ስም ጻፊበት! ነገ ድካምሽን ሌላ ይወስደዋል» ብዬ ጮህኩባት።

«ዳዲ፣ ኖ! አብረን ነው የጻፍነው፤ ስሙም የሁለታችን ነው። የኔን ብቻ ፑት ካደረግኩ ኢትስ ላይክ መስረቅ።»

ደሜ ፈላ። በእሷ የተናደድኩ መስሎኝ ነበር። ለራሴ ማመካኛ ፈለግሁ፦ የዛሬ ልጆች ተካፍሎ መሥራትን በትምህርት ቤት ይማራሉ፣ በእኛ ጊዜ ግን ሽልማቱም አንድ፣ ተሸላሚውም አንድ ነበር አልኩ። ጥፋቱን በዘመኑ ላይ ልጥለው ነበር። አልሆነልኝም። «እንውጣ!» ያለኝ ሙሉጌታም እኮ የዚያው ዘመን ልጅ ነው።