ድኩላዋ ከመኝታዋ አልነሣ ያለችበት ቅዳም ሹር

በፋሲካ ዋዜማ፣ ቅዳም ሹር ጠዋት፣ ከአንኮበር ወረድ ብሎ ባለው ጫካ ውስጥ በተኛች ድኩላ ላይ ድንጋይ ወረወርኩ። እንዳይመታት አድርጌ ነው የወረወርኩት... ቢሆንም ምክንያቱን ማስረዳት ይኖርብኛል።

ደብረ ብርሃን የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ። ለሁለተኛ ዲግሪዬ ማሟያ ጽሑፍ የመረጥኩት ርእስ ድኩላ ቀን ቀን እንዴት እንደምታርፍ ነው። ከሁዳዴ ሁለተኛ ሳምንት ጀምሮ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ መንገድ፣ ያንኑ አረንጓዴ ጃኬት ለብሼ ሄጄ ያንኑ ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ። በየአምስት ደቂቃው ያየሁትን እመዘግባለሁ።

የምከታተላት ግራ ጆሮዋ የተተለተለ አንዲት እንስት ናት። ድኩላ እንደ ሰው ጭልጥ ብላ አትተኛም። እግሮቿን አጥፋ ታመሰኳለች፣ ዓይኗ በከፊል ይከደናል፣ ጆሮዎቿ ግን እየተፈራረቁ ይዞራሉ። አልፎ አልፎ ብቻ አንገቷን ወደ ጎኗ አጥፋ ለጥቂት ደቂቃ እንቅልፍ ይወስዳታል። በመጀመሪያው ሳምንት ገና ከሩቅ ስታየኝ ትሸሽ ነበር። እየቆየች ግን ለመደችኝ። መዝገቤ ላይ «የሰው ረብሻ አልታየም፤ እንስሳዋ የተረጋጋች ናት» ብዬ ስጽፍ ትንሽ ኩራት ተሰምቶኝ እንደነበር አልደብቅም።

ያረፍኩት ማሳቸው ከጫካው በሚዋሰነው በጋሽ ደምሴ ቤት ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት ልወጣ ስል ደጃፉ ላይ ተቀምጠው የውሻቸውን እግር እየደባበሱ እሾህ ይፈልጉ ነበር።

«መምህር፣ ዛሬም ተኝታለች?»

«ሄጄ ሳያት ነው የማውቀው።»

«ትተኛ፣ ትተኛ። ከነገ ጀምሮ እንቅልፍ የላትም።»

«ነገ ምን አለ?»

ትክ ብለው አዩኝ። «ፋሲካ ነዋ። አንተ ልጅ ከእኛ ጋር አልጾምክም እንዴ?»

ጾሜያለሁ። ወር ተኩል ያህል ከእርሳቸው ጋር ሽሮ በልቻለሁ።

«የበልግ ገብሴን ቡቃያ እንደ በግ ጋጠችው» አሉ። «ዝም ያልናት በጾም ሥጋዋ ምን ያደርግልናል ብለን ነው። ነገ ከቅዳሴ መልስ እንወርዳለን።»

«ጋሽ ደምሴ፣ ሕግ እኮ ይከለክላል።»

«እሷንስ ከገብሱ ማን ይከልክልልኝ?»

ቦታዋን ያውቁት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ሳቁ።

«ድሮ አናውቀውም ነበር። ሰው እየሸሸች ስትቀያይር ማን ያገኛታል? አንተ ተመላልሰህ ተመላልሰህ መንገድ አወጣህላት። አሁንማ ዓይነ ስውርም ይደርሳል።»

እየወረድኩ መሬቱን አየሁ። እውነታቸውን ነው። ከማሳው ጠርዝ እስከ ድንጋዬ ድረስ ሣሩ ተረጋግጦ የፍየል መንገድ መስሏል። ስንት ቀን ስመላለስበት አንድም ጊዜ አላየሁትም...

ድኩላዋ ቦታዋ ላይ ነበረች። ደብተሬን ገለጥኩ፤ መጻፍ ግን አልቻልኩም። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ የምዝገባው ሰዓት አለፈኝ። ያለኝ ምርጫ አንድ ነው፤ ከዚህ ቦታ ማባረር። ቆምኩና አጨበጨብኩ። ጆሮዎቿ ወደ እኔ ዞሩ፣ ማን እንደሆነ ለዩ፣ ማመስኳቷን ቀጠለች። «ሂጂ» አልኳት፣ እየጮህኩ። ምንም። ድንጋይ ወረወርኩ። ወደ ወደቀበት አየች። ሁለተኛውን ወደ እግሯ አስጠግቼ ወረወርኩ...

አንገቷን ወደ ጎኗ አጥፋ ዓይኗን ከደነች።

ሰውን እንዳትፈራ ሳሠለጥናት ከርሜያለሁና እጅግ ጥሩ ተማሪ ሆናለች።

ቀኑን ሙሉ ስቀመጥ ስነሣ ዋልኩ። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ጋሽ ደምሴና ሁለት ጎረቤቶቻቸው ለመፈሰክ ወደ ቤት ገቡ። እኔ ገና ጎሕ ሲቀድ በቀጥታ ወደ ጫካው ወረድኩ። ሰዓቱ የእኔ ሰዓት አልነበረም። ጃኬቱንም አልለበስኩም፤ ነጭ ጋቢ ተከናንቤያለሁ። ድንጋዬ ላይም አልተቀመጥኩም። መኝታዋ ባዶ ነበር፤ ገብቼ ጋደም አልኩበት።

እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። ቅጠል ሲወድቅ እሰማለሁ፣ ወፍ ስትነሣ ቀና እላለሁ። ከኋላዬ ምን እንዳለ ስለማላይ አንገቴ ደነዘዘ። ስለ እረፍቷ ያን ሁሉ ገጽ የጻፍኩት እኔ ነኝ...

ፀሐይ ወጣ ስትል ድኩላዋ መጣች። ጥቂት እርምጃ ሲቀራት ቆመች። ከመኝታዋ ላይ ነጭ ነገር ቀና ሲልባት እንደ ውሻ ጮኻ በገደሉ በኩል ተወረወረች።

ብዙም ሳይቆይ እውነተኛው ውሻ ደረሰ፤ አሽትቶኝ ጭራውን ቆላ። ሦስቱ ሰዎች ዱላቸውን ይዘው ከላይ ቆመው አዩኝ።

«መምህር... አንተ ነህ?» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«እኔ ነኝ።»

«ምን ትሠራለህ?»

«አርፋለሁ።»

አንደኛው ጎረቤት ወደ ጋሽ ደምሴ ዞረ። «ሥጋው አይበላ፣ ቆዳው አይነጠፍ። ይሄን ምን እናድርገው?»

ጋሽ ደምሴ ግን አልሳቁም። ወርደው ከአጠገቤ ያለውን የተጨፈለቀ ሣር በመዳፋቸው ዳበሱ። ከዚያ የገደሉን አፋፍ ለረጅም ጊዜ አዩ።

«እንግዲህ ድኩላዋ እዚህ አትመለስም» አሉ። «ተነሣ፣ ሳትፈስክ ነው የመጣኸው። በዓሉ ሲያልፍ ደግሞ እሾህ ትቆርጣለህ፤ የገብሱን አጥር ከእኔ ጋር ታጥራለህ።»

እሺ አልኩ። ሦስት ቀን አጠርን፤ እጄ እስካሁን አልዳነም። ድኩላዋን ከዚያ ወዲህ አላየኋትም፤ የሞተ ድኩላም ያየ ሰው የለም። ይህን ማስረጃ ነው ለማለት ግን አልደፍርም።

በጽሑፌ «የጥናቱ ውሱንነት» በሚለው ክፍል አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሬያለሁ፦ «መረጃው በሙሉ የተሰበሰበው የአካባቢው ሰዎች በጾሙበት ወቅት ነው።»